አንድሬያስ ቬሳሊየስ

አንድሬያስ ቬሳሊየስ (1514 – 1564) በዛሬዋ ቤልጅየም በብራስልስ ከተማ የተወለደ ሐኪምና የአናቶሚ ሊቅ ነበር። አናቶሚ የሰውነት ክፍሎች አቀማመጥና አሠራር የሚጠናበት የትምህርት ዘርፍ ነው። በ1543 ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ የዘመናዊ አናቶሚ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል። ከእሱ በፊት 1300 ለሚሆኑ ዓመታት በአውሮፓ ስለ ሰው አጥንት፣ መገጣጠሚያና ጡንቻ ይማሩት የነበረው በአብዛኛው ጋሌን የተባለው የጥንት ሐኪም የጻፈውን ነው። ጋሌን ግን ከፍቶ የመረመረው የጦጣና የሌሎች እንስሳትን አካል እንጂ የሰው ሬሳ አልነበረም። ቬሳሊየስ ይህን በይበልጥ ያሳየው በአጥንት ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ደግሞ የእግር አጥንት ደጋግሞ ይመጣል፦ ለራሱ ያገኘውን አፅም መሰብሰብ የጀመረው ከእግር ነው፤ ከቀድሞ መምህሩ ጋር ባጣላው ክርክር ውስጥም የጭን አጥንት ይነሳል።

(በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

ቬሳሊየስ ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 31 ቀን 1514 ተወለደ። ቤተሰቡ ለብዙ ትውልድ በሕክምና ሙያ የኖረ ሲሆን አባቱ የንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። የቤተሰቡ መኖሪያ ወንጀለኞች ከሚሰቀሉበት ኮረብታ ብዙም አይርቅም ነበር። በ1530 አካባቢ ሌቨን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ላቲንና ግሪክኛ ተማረ፤ በ1533 ደግሞ ሕክምና ለመማር ወደ ፓሪስ ሄደ።

በፓሪስ ካስተማሩት መካከል ሁለቱ ይጠቀሳሉ። አንደኛው ጉንተር የተባለው ጀርመናዊ፣ ሁለተኛው በላቲን ስሙ ሲልቪየስ እየተባለ የሚታወቀው ፈረንሳዊው ዣክ ዱቧ ነው። ሁለቱም ጋሌንን እንደማይሳሳት አድርገው ያዩ ነበር። በዚያ ዘመን የአናቶሚ ትምህርት የሚሰጠው እንዲህ ነበር፦ መምህሩ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከመጽሐፍ ያነባል፣ ፀጉር አስተካካይ ታች ቆሞ ሬሳውን ይቆርጣል፣ ሌላ ሰው በዘንግ ይጠቁማል። የሚያነበው አይነካም፤ የሚቆርጠው ደግሞ ላቲን ስለማያውቅ የሚነበበውን አይሰማም። መጽሐፉና ሬሳው ባይስማሙ እንኳ ልብ የሚል አልነበረም።

ቬሳሊየስ አጥንትን ያወቀው ከክፍል ውጭ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ንጹሐን በሚባለው የፓሪስ መካነ መቃብር ውስጥ ከተከመሩ አጥንቶች መካከል ሰዓታት ያሳልፍ ነበር። ሞንፎኮን ወደሚባለው የመስቀያ ቦታም ሄዶ በአንድ ወቅት የዱር ውሾች እንዳስፈራሩት ራሱ ጽፏል። ዓይናቸውን ታስረው በመዳሰስ ብቻ የሚሰጣቸውን ማንኛውንም አጥንት ለመለየት እስከ መወራረድ ደርሰው ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፦ በአንድ እግር ውስጥ ብቻ 30 አጥንቶች አሉ። ጭን ውስጥ አንድ፣ የጉልበት ሎሚ አንድ፣ ከጉልበት በታች ሁለት (ወፍራሙ የፊተኛው አገዳና ቀጭኑ የጎን አጥንት)፣ ከተረከዝና ከቁርጭምጭሚት አካባቢ ሰባት፣ በመሐል እግር አምስት፣ በጣቶች ደግሞ አሥራ አራት። ከሁሉም የሚያሳስቱት እርስ በርሳቸው እንደ ጠጠር የተጠጋጉት ሰባቱ ናቸው።

የሌቨን አፅም

በ1536 በፈረንሳይ ንጉሥና በካርል አምስተኛ መካከል ጦርነት ስለተነሳ ቬሳሊየስ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ሌቨን ተመለሰ። አንድ ቀን ጌማ ፍሪዝየስ ከተባለው ሐኪምና የሒሳብ ሊቅ ጓደኛው ጋር ከከተማው ውጭ ወደ ወንጀለኞች መቀጫ ቦታ ሲሄድ፣ በእንጨት ላይ ታስሮ የቀረ የሰው አፅም አየ። ወፎች ሥጋውን በልተው ጨርሰው አጥንቶቹን የያዙት ጅማቶች ብቻ ነበሩ። ለአንድ የአናቶሚ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ዕድል አልነበረም፤ ምክንያቱም አጥንቶቹ ገና በየመገጣጠሚያቸው እንደተያያዙ ነበሩ።

ቬሳሊየስ በጌማ እርዳታ እንጨቱ ላይ ወጥቶ የጭኑን አጥንት ከዳሌው ላይ ነቀለ። እጆቹም ከትከሻ አጥንታቸው ጋር ተከትለው መጡ። የአንድ እጅ ጣቶች፣ ሁለቱም የጉልበት ሎሚዎችና አንድ መርገጫ እግር ግን ጠፍተው ነበር። እግሮቹንና እጆቹን በተለያየ ጊዜ ደብቆ ወደ ቤቱ ወሰደ። ደረቱ በሰንሰለት ታስሮ ስለነበር ማታ የከተማው በር ሲዘጋ ሆን ብሎ ውጭ ቀረና በጨለማ ሄዶ አወረደው። አጥንቶቹን በድብቅ ቀቅሎ አጸዳ፤ የጎደሉትን ሎሚዎች፣ እጅና እግር ከሌላ ቦታ ፈልጎ አሟላ፤ ከዚያም አፅሙን አቁሞ ከፓሪስ ያመጣሁት ነው እያለ ለሰው ያሳይ ነበር። የተያዘ ሰው ከባድ ቅጣት ሊጠብቀው ይችል ስለነበር ውሸቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ቆይቶ ግን ታሪኩን በሙሉ በመጽሐፉ ውስጥ ራሱ አውጥቶታል።

ፓዶቫ

በ1537 በቬኒስ ሪፐብሊክ ሥር ወደነበረችው ፓዶቫ ተሻገረ። ታኅሣሥ 5 ቀን በዶክተርነት ተመረቀ፤ በማግስቱ በቀዶ ጥገናና አናቶሚ መምህርነት ተሾመ። ገና 23 ዓመት አልሞላውም ነበር። ወዲያውኑ የቆየውን የማስተማር ልማድ ለወጠ፦ ከወንበሩ ወርዶ በገዛ እጁ እየቆረጠ፣ እያሳየ፣ ተማሪዎቹም እየነኩ እንዲያዩ አደረገ። የሚናገረውን ለማስረዳት አፅም አጠገቡ ያቆም ነበር፤ አንድ ጡንቻ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ በአጥንቱ ላይ ያሳያል። የፓዶቫው ዳኛ ማርካንቶኒዮ ኮንታሪኒ የተገደሉ ወንጀለኞችን ሬሳ ስለሰጠው ሥራው ተፋጠነ።

በ1538 ለተማሪዎች ስድስት ትልልቅ የሥዕል ገጾች አሳተመ። ከእነዚህ ሦስቱ አፅሙን ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ የሚያሳዩ ሲሆኑ የሣላቸው ያን ስቴፋን ቫን ካልካር ነው። በእነዚህ ገጾች ላይ ቬሳሊየስ አሁንም የጋሌን ተማሪ ነው፤ በሰው ውስጥ የሌሉ ነገሮች ለምሳሌ ባለ አምስት ክፍል ጉበት ተሥለውበታል። የዓይኑና የመጽሐፉ ልዩነት ገና አልተገለጠለትም ነበር ማለት ይቻላል።

ልዩነቱ ግልጽ የሆነው በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ዓመታት ነው። በ1540 በቦሎኛ ከተማ ባደረገው ትምህርት የሰውና የጦጣ አፅም ጎን ለጎን አቁሞ አሳየ። ጋሌን በሰው አከርካሪ ላይ አለ ያለው ጉብታ በጦጣው ላይ ነበር፤ በሰውየው ላይ ግን አልነበረም። በዚሁ ጊዜ የጋሌን ሥራዎች በአዲስ መልክ ሲታተሙ ከአርታኢዎቹ አንዱ ስለነበር ቃሉን በቃል መመርመር ነበረበት። ጋሌን በኖረበት በሮማውያን ዘመን የሰው ሬሳ መክፈት ነውር ስለነበር ጽሑፉ የተመሠረተው በእንስሳት ላይ እንደሆነ አረጋገጠ።

ፋብሪካ

መጽሐፉ በላቲን ደ ሁማኒ ኮርፖሪስ ፋብሪካ ይባላል፤ ስለ ሰው አካል አሠራር እንደ ማለት ነው። ፋብሪካ የሚለው ቃል በአማርኛ ከተለመደው ፋብሪካ ጋር ምንጩ አንድ ቢሆንም እዚህ ላይ ግንባታ ወይም አሠራር ማለት ነው። ቬሳሊየስ በእንጨት ላይ የተቀረጹትን ሥዕሎች በነጋዴዎች አማካይነት አልፕስ ተራሮችን አሻግሮ ወደ ባዝል ከተማ ላከ፤ በ1543 ዮሐንስ ኦፖሪኑስ በሚባለው አታሚ ቤት ታተሙ። ደራሲው 28 ዓመቱ ነበር። ኮፐርኒከስ ስለ ፕላኔቶች ዑደት የጻፈው መጽሐፍም የወጣው በዚያው ዓመት ነው።

ፋብሪካ ሰባት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ስለ አጥንትና ስለ ቅርጭጭት፣ ሁለተኛው ስለ ጅማትና ስለ ጡንቻ ነው። ይህ ቅደም ተከተል በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ ለቬሳሊየስ አጥንት የቤት ምሰሶና ግድግዳ ስለሆነ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ይሠራል። ጋሌን ሁለት ያለው የታችኛው መንጋጋ አንድ አጥንት መሆኑን፣ ከሰባት ክፍል የተሠራ ያለው የደረት አጥንት በሰው ሦስት ክፍል ብቻ እንዳለው አሳየ።

ከሁሉ የሚታወቁት ግን የጡንቻ ሥዕሎቹ ናቸው። አሥራ አራት ገጾች ሲሆኑ ቆዳቸው የተገፈፈ ሰዎች በገጠር መልክዓ ምድር ፊት ቆመው ይታያሉ። በየገጹ አንድ የጡንቻ ድርብ ይነሳል። እግሩን ብቻ ለተከታተለ አንባቢ ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ላይ ከዳሌው ውጭ ተነስቶ ጭኑን አቋርጦ ወደ ጉልበት ውስጠኛ ጎን የሚወርደው ረጅም ቀጭን ጡንቻ፣ የጭኑ ፊት ትልልቅ ጡንቻዎች ተሰብስበው የጉልበት ሎሚን ሲይዙ፣ ከኋላ ደግሞ ባት ወርዶ በወፍራም ጅማት ተረከዝ ላይ ሲያርፍ ይታያል። በኋለኞቹ ገጾች ጡንቻዎቹ በአንድ ጫፋቸው ተቆርጠው እንደ ጨርቅ ይንጠለጠላሉ። የሚይዘው ጡንቻ ሲያልቅ አካሉ ራሱ መቆም ያቅተዋል፤ አንዱ በገመድ ተንጠልጥሎ ነው የተሣለው። ሣዩ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ በአብዛኛው ከቬኒሱ የቲሺያን የሥዕል ቤት ጋር ይያያዛል።

መጽሐፉ ትንንሾቹንም አልዘለለም። በእግር አውራ ጣት ሥር ስላለችው ትንሽ ክብ አጥንት ሲጽፍ፣ ይህች አጥንት አትበሰብስም፣ አትቃጠልም፣ በትንሣኤ ቀን ሰው እንደ ዘር ከእሷ ይበቅላል የሚል እምነት እንደነበረ ያነሳል። እሱ አጥንቷን እንዳያት ገልጾ የትንሣኤውን ጉዳይ ለሃይማኖት ሊቃውንት ትቶታል።

የጭን አጥንት ክርክር

መጽሐፉ እንደወጣ ወጣቶች ሲቀበሉት ብዙ አረጋውያን መምህራን ተቆጡ። ከሁሉ የከፋው ሲልቪየስ ነበር። የቀድሞ ተማሪው ጋሌንን መስደቡን እንዲያቆም ከጠየቀ በኋላ፣ ቬሳሊየስ ሐሳቡን እንደማይለውጥ ሲያውቅ በ1551 የተቃውሞ መጽሐፍ አሳተመ። በርዕሱም ላይ የቬሳሊየስን ስም አጣምሞ እብድ በሚል የላቲን ቃል ተካው።

ጋሌን የጭን አጥንት ጎባጣ ነው ብሎ ነበር። በሰው ሬሳ ላይ ግን እሱ ያለው ዓይነት ጉብጠት አይታይም። የሕክምና ታሪክ መጻሕፍት እንደሚተርኩት ሲልቪየስ ለዚህ የሰጠው መልስ ጋሌን ተሳሳተ የሚል ሳይሆን ሰው ተለወጠ የሚል ነው፤ የዘመኑ ሰዎች ጠባብ ሱሪ ስለሚለብሱ ጭናቸው ተቃንቷል አለ። ዛሬ ሲታይ ያስቃል። ነገር ግን ሲልቪየስ ሞኝ አልነበረም፤ ዕድሜውን በሙሉ ያስተማረው መጽሐፍ ከተናደ የሚይዘው ነገር አልነበረውም። ለነገሩ የሰው ጭን አጥንት እንደ ዘንግ ፍጹም ቀጥ ያለ አይደለም፦ ከዳሌ ወደ ጉልበት ወደ ውስጥ እያዘነበለ ይወርዳል፣ በመጠኑም ወደ ፊት ይጎብጣል። ይህ ማዘንበል ሰው በሁለት እግሩ ሲሄድ ጉልበቶቹ ከሰውነቱ ክብደት ሥር እንዲቀርቡ ያደርጋል።

በዚህ ጠብ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ቬሳሊየስ ጡንቻዎችን የጠራቸው በቁጥር ነበር፤ እግርን ከሚያንቀሳቅሱት አንደኛው፣ ሁለተኛው እያለ። ለብዙ ጡንቻዎች ስም በመስጠት ይህን ያቃለለው ሲልቪየስ ነው። የዛሬ የሕክምና ተማሪ የሚያጠናው አናቶሚ በይዘቱ ወደ ተማሪው፣ በስም አሰጣጡ ደግሞ ወደ መምህሩ ያደላል።

በቤተ መንግሥት

ቬሳሊየስ መጽሐፉ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ማስተማሩን ትቶ የካርል አምስተኛ ሐኪም ሆነ። ከጣሊያን ሲነሳ ማስታወሻዎቹንና ረቂቆቹን አቃጠለ፤ በኋላም በዚህ ተጸጽቷል። በ1544 አና ቫን ሃመን አግብቶ አንዲት ሴት ልጅ ወለደ።

የካርል ዋና ሕመም ሪህ ነበር። የእግሩ መገጣጠሚያዎች እያበጡ መቆምና መራመድ እስኪያቅተው ያሠቃዩት ነበር። የመገጣጠሚያን አሠራር ከማንም በላይ የሚያውቀው ሰው ለዚህ ሕመም የሚሰጠው ፈውስ አልነበረውም። በ1546 ንጉሠ ነገሥቱ ስለሚወስደው የቻይና ሥር ስለተባለ መድኃኒት ደብዳቤ ጻፈ፤ የደብዳቤው አብዛኛው ክፍል ግን ለተቺዎቹ የተሰጠ መልስ ነው። በ1555 ፋብሪካን አርሞ ዳግመኛ አሳተመ።

ካርል ዙፋኑን ከለቀቀ በኋላ ልጁን ዳግማዊ ፊሊጶስን አገለገለ። በ1559 የፈረንሳዩ ንጉሥ ዳግማዊ አንሪ በጦር ጨዋታ ዓይኑ አካባቢ ሲቆስል ተጠርቶ ሄዷል፤ ንጉሡ ግን አልተረፈም። በዚያው ዓመት ወደ ስፔን ተዛወረ። እዚያ ለምርምር የሚሆን ራስ ቅል እንኳ ማግኘት ይከብደው ነበር።

የመጨረሻ ጉዞ

በ1564 ቬሳሊየስ ከስፔን ተነስቶ በቬኒስ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ተጓዘ። በሕይወት ያለ ሰው ቀዶ በመገኘቱ ለንስሐ ተላከ የሚለው ታሪክ በሰፊው ቢወራም የሚደግፈው ማስረጃ የለም። ሲመለስ በጥቅምት (ኦክቶበር) ወር ዛኪንቶስ በምትባለው የግሪክ ደሴት ላይ በ49 ዓመቱ ሞተ። መቃብሩ የት እንዳለ አይታወቅም።

የፋብሪካ ሥዕሎች የታተሙባቸው የእንጨት ቅርጾች ከ390 ዓመታት በኋላም ደህና ስለነበሩ በ1934 እንደገና ታትሞባቸዋል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ሙኒክ በቦምብ ስትደበደብ ተቃጠሉ። ቬሳሊየስ በ1543 በባዝል ያኮብ ካረር የተባለ በሞት የተቀጣ ወንጀለኛን ሬሳ በሕዝብ ፊት ከፍቶ አጥንቶቹን ገጣጥሞ ለከተማው ሰጥቶ ነበር። ይህ አፅም እስከ ዛሬ በባዝል የአናቶሚ ሙዚየም ይታያል።