ስሙ ጾም፣ ሥራው ቅቤና ስኳር

በፈረንሳይኛ «ካሬም» ማለት ከፋሲካ በፊት የሚጾመው ዐቢይ ጾም ነው፤ በእኛ አነጋገር ሁዳዴ። እንግዲህ አስቡት፤ ስሙ ሁዳዴ የሆነ ሰው ዕድሜውን በቅቤ፣ በእንቁላል፣ በክሬምና በስኳር መካከል ጨርሶ ለነገሥታት ምግብ ሠሪ ሆነ። የአንቶናን ካሬምን ታሪክ ከስሙ የጀመርኩት ለቀልድ ብቻ አይደለም። ልጅነቱ በእርግጥም ጾም ነበር፤ ያውም ሳይፈልግ የጾመው።

ካሬም በ1784 ፓሪስ ውስጥ እንደተወለደ ይነገራል፤ አንድ ዓመት የሚያስቀድሙለትም አሉ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የቀን ሠራተኛ ነበር። ቤቱ ልጅ የበዛበት፣ ዳቦ ያነሰበት ቤት ነው። ትንሹ ልጅ ገና ነፍስ ሳያውቅ የ1789ኙ አብዮት ፈነዳ፤ ኑሮም ይበልጥ ከበደ። አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ እንደሚተረከው፣ አባቱ ይዞት ወጣ፣ አበላው፣ መከረውና መንገድ ላይ ትቶት ተመለሰ። ይህን የሰማ ሁሉ አባትየውን ለመርገም ይቸኩላል። እኔ ኢኮኖሚክስ ስማር ስለ ምርጫ ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ ዓይነቱን ምርጫ ግን በየትኛውም ግራፍ ላይ አላየሁትም።

ልጁ የዚያን ዕለት ያንኳኳው በር የአንድ ርካሽ ምግብ ቤት በር ሆነ። ለመኝታና ለሆዱ ሲል ሰሃን እያጠበ፣ እሳት እያነደደ ሥራ ጀመረ። ትምህርት ቤቱ ይኸው ነው።

ዕድል የዞረችለት በ1798 አካባቢ ነው። ፓሌ-ሮያል በሚባለው የፓሪስ የገበያና የመዝናኛ ሰፈር አቅራቢያ ሲልቫን ባዪ የሚባል ስመ ጥር ኬክ ሠሪ ነበር። ካሬም እሱ ዘንድ ለሙያ ተቀጠረ። ባዪ የልጁን ቅልጥፍና አይቶ አንድ ያልተለመደ ነገር ፈቀደለት፤ ከሥራ ሰዓት ላይ ቀንሶ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እንዲሄድ። ቤተ መጻሕፍቱ ለሱቁ ቅርብ ነው። ካሬም እዚያ ሥዕልና ንድፍ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቶ የግሪክ ቤተ መቅደሶችን፣ የግብፅ ፒራሚዶችን፣ የቻይናና የህንድ ሕንፃዎችን በእርሳስ ይቀዳ ጀመር። ማታ ወደ ሱቁ ይመለስና ያንኑ ንድፍ በስኳር፣ በለውዝ ሊጥና በብስኩት ይገነባዋል።

ልብ በሉልኝ፤ ያ ክፍል ለኬክ ሠሪ ልጅ ተብሎ የተከፈተ አልነበረም። ግን በሩ ክፍት ነበር፣ አለቃውም ሰዓቱን ሰጠው። በእኔ አስተያየት የካሬም ታሪክ የተቀየረው ቤተ መንግሥት ሲገባ ሳይሆን እዚህ ጋ ነው።

ሥራዎቹ በሱቁ መስኮት መደርደር ሲጀምሩ አላፊ አግዳሚው ይቆም ነበር። አንዳንዶቹ ቁመታቸው ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ የፈረሰ ቤተ መቅደስ አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ ግንብ አለ። በዚያ ዘመን የሀብታም ግብዣ ላይ እንዲህ ያለው ማማ መሃል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና እንግዳው ገና ሳይቀምስ በዓይኑ ይጠግባል።

ከእነዚህ ማማዎች ዝርያ ውስጥ ዛሬም በሕይወት ያለው ክሮከምቡሽ ነው። ስሙ አፍ ውስጥ ኮሽ የሚል ማለት ነው። ፈረንሳዮች እስካሁን ለሠርግና ለክርስትና ይሠሩታል። ፈጣሪው ካሬም ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በ1815 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥም አለ። ሆኖም ስሙ በ1806 በታተመው የቪያር የምግብ መጽሐፍ ላይ ቀድሞ ይገኛል። ስለዚህ ፈጠረው ከማለት ይልቅ ከፍ አደረገው ማለቱ ይሻላል።

የዛሬው አሠራር እንዲህ ነው። ውሃ፣ ቅቤና ትንሽ ጨው ይፈላል፤ ዱቄቱ በአንድ ጊዜ ይጨመርና ከድስቱ እስኪላቀቅ ይማሰላል። ትንሽ ሲበርድ እንቁላል አንድ በአንድ እየተጨመረ ይመታል። እርሾ የለውም። ከቦምቦሊኖ አነስ ያሉ ድቡልቡሎች ሆኖ ምድጃ ሲገባ በውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ያነፋዋል፤ ለዚህ ነው ሳይበስል የምድጃው በር የማይከፈተው። ሲበርድ ከሥሩ ተበስቶ በወተት፣ በእንቁላል አስኳል፣ በስኳርና በዱቄት የተሠራ ክሬም ይሞላል። ከዚያ እያንዳንዱ በቀለጠ ትኩስ ስኳር እየተነከረ አንዱ በአንዱ ላይ ይጣበቅና ከታች ሰፊ፣ ከላይ ሹል ሆኖ ይቆማል። ሲሚንቶው ስኳሩ ነው ማለት ነው።

እኔም ለታናሽ እህቴ ምርቃት ሞክሬዋለሁ። ያቃጠልኳቸውን ሁለት ጣቶች እንተዋቸው። ጥፋቴ፣ ሥራ ላቅልል ብዬ ጠዋት መገንባቴ ነው። ስኳር እርጥበት ይስባል፤ እንግዶች ሲመጡ ኮሽ ማለቱን ትቶ ሙጫ ሆኗል፣ ማማው ወደ ግድግዳው አዘንብሏል። ድቡልቡሎቹንና ክሬሙን ቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል፤ ግንባታው ግን ለግብዣው ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ነው። ካሬምን ማንበብ የጀመርኩት የዚያን ቀን ማታ ነው። ይህን የሚሰብር ሥራ በየቀኑ፣ ለዚያውም ኤሌክትሪክና ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን፣ ምን ዓይነት ሰው ይሠራዋል ብዬ።

ወደ እሱ ልመለስ። ዝናው የናፖሊዮን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ታሌይራን ጆሮ ደረሰ። ናፖሊዮን ራሱ ለምግብ ግድ የሌለው፣ ቶሎ በልቶ የሚነሳ ሰው ነበር ይባላል። ታሌይራን ግን የዲፕሎማሲ ግማሹ ማዕድ ላይ እንደሚያልቅ ያውቃል። ካሬምን ሲፈትነው፣ አንድም ምግብ ሳይደገም፣ በወቅቱ በሚገኝ አትክልትና ሥጋ ብቻ የዓመት የምግብ ዝርዝር እንዲያወጣ አዘዘው ተብሎ ይተረካል። ፈተናውን አለፈ። በ1810 ናፖሊዮን የኦስትሪያዋን ማሪ-ልዊዝን ሲያገባም ለሠርጉ ግብዣ ከሠሩት አንዱ ሆነ።

ናፖሊዮን ወደቀ፤ የካሬም ማብሰያ ግን አልቀዘቀዘም። በ1814 ፓሪስ የገባው የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ አሌክሳንደር ታሌይራን ቤት ሲያርፍ ያበላው እሱ ነው። በ1816 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በኋላ ጆርጅ አራተኛ ለሆነው አልጋ ወራሽ ሠራ። በጥር 1817 ብራይተን ላይ ለሩሲያው መስፍን ኒኮላስ ክብር ባዘጋጀው ራት ከ100 በላይ ዓይነት ምግብ ቀርቧል። ይሁንና የእንግሊዝ አየርና ናፍቆት አላስቀመጠውም፣ ተመለሰ። በ1819 ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ የወጥ ቤት ወጪ ላይ ያለው ቁጥጥር ክብሬን ነካ ብሎ ብዙም ሳይቆይ ወጣ (ኦዲት የሚወድ ባለሙያ ድሮም አልነበረም)። በመጨረሻም በ1820ዎቹ ለባንኩ ባለቤት ለጄምስ ሮትሺልድ ሠራ። ከነገሥታት ወደ ባንክ! የዘመኑ ገንዘብ ወዴት እንደሄደ ለማወቅ ካሬምን ተከትሎ መሄድ ይበቃል።

አሁን ብዙዎች የሚዘሉትን ልንገራችሁ። የዚያ ዘመን ትልልቅ ማብሰያ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ምድር ቤት ነበሩ። የሚነደው ከሰል ነው። ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ ሲባል መስኮት ይዘጋል። የከሰል ጭስ ምን እንደሚያደርግ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ በር ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ምን እንደሚያስከትል በየበዓሉ ስንመካከር ነው ያደግነው። ካሬም ግን ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ በዚያ ውስጥ ኖረ። ጤናው ቀስ በቀስ ከዳው። ጥር 12 ቀን 1833 ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው ፓሪስ ላይ አረፈ፤ ሞንማርት መካነ መቃብር ተቀበረ። ብዙዎች ለሞቱ ምክንያት የሚያደርጉት ያንኑ ጭስ ነው። ላይ ሳሎን ውስጥ እንግዳው ማማውን ሲያደንቅ፣ ሒሳቡ ታች በሳንባ ይከፈል ነበር።

ታዲያ ምን ቀረ? ማማዎቹ አንድም አልቀሩም። በሳምንት የሚሠራ ነገር በአንድ ምሽት ይበላል፣ ወይም አቧራ ለብሶ ይጣላል። ካሬም ይህን በደንብ የገባው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ቀን ሲያበስል ውሎ ማታ ይጽፍ ነበር። መደበኛ ትምህርት ያላገኘው ያ ልጅ በ1815 ስለ ኬክ ሥራ መጻሕፍት አሳተመ፤ ንድፎቹንም ራሱ ሣላቸው። በ1828 ሌላ ጨመረ። ስለ ፈረንሳይ ምግብ ጥበብ የጻፈው ትልቁ ሥራው በሞተበት ዓመት ሲወጣ ገና አላለቀም ነበር፤ የመጨረሻዎቹን ጥራዞች ፕሉምሬ የተባለ ሌላ ባለሙያ ጨረሳቸው። የፈረንሳይን ስጎዎች በአራት እናት ስጎዎች ሥር የመደባቸው እሱ ነው፤ ዛሬም የምግብ ዝግጅት ተማሪ ትምህርቱን የሚጀምረው ከዚያ ምድብ በወጣ ሥርዓት ነው።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚቆጠቁጠኝ። በእያንዳንዳችን ሠርግና ተዝካር ከንጋት በፊት ተነስታ፣ ጭስ ውስጥ ቆማ፣ ለሦስት መቶ ሰው ወጥ ሳትለካ የምታደርስ ባለሙያ አለች። ማማዋ ማታ ላይ ይበላል። እጇን እናመሰግናለን፣ ሰሃን እናነሳለን፣ እንበተናለን። እሷ ስትደክም ልኬቱ አብሯት ይደክማል። ካሬም የተሻለ ባለሙያ ስለሆነ አይደለም ስሙ የቀረው። አንድ አለቃ የሥራ ሰዓት ቀንሶ እርሳስና ወረቀት ወዳለበት ክፍል ስለላከው ነው።

በሚቀጥለው ግብዣ እኔ ማማውን ማታ ላይ እገነባዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ደብተር ይዤ አክስቴ ጓዳ እገባለሁ። መስኮቱንም እከፍተዋለሁ።