አባ ዕንባቆም፦ የምሥራቁን መጽሐፍ ወደ ግእዝ ያሻገሩ አባት

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስን የልደት በዓል በምናከብርበት በዚህ ሰሞን፣ ኮከብ እየመራቸው ከምሥራቅ የመጡት ሰብአ ሰገል በየአጥቢያችን ይታሰባሉ። እነዚያ ጠቢባን በቤተ ልሔም ያቀረቡት ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ነበር። ከዚያ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ደግሞ ከምሥራቅ ወደ አገራችን ሌላ ዓይነት ስጦታ ገብቷል፤ እርሱም መጽሐፍ ነው። ያን መጽሐፍ በግእዝ ያበረከቱልን አባት ራሳቸው ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ። ዛሬ በዚህ የበዓል ገጻችን የምናስባቸው እኒህን አባት፣ የደብረ ሊባኖሱን እጨጌ አባ ዕንባቆምን ነው።

አባ ዕንባቆም የተወለዱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ15ኛው ምዕት ዓመት በየመን ምድር ሲሆን፣ ያደጉትም በእስልምና ሃይማኖት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1478 እስከ 1494 በነገሡት በዐፄ እስክንድር ዘመን ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ነጋዴ እንደነበሩም ይነገራል። ሃይማኖታቸውን የለወጡት በችኮላ ወይም በግዳጅ አልነበረም። ጠይቀውና መርምረው፣ ያነበቡትን ካዩት እያመሳከሩ ቆይተው ነው። በመጨረሻም የደብረ ሊባኖሱ አበምኔት እጨጌ ጴጥሮስ አስተምረው አጠመቋቸው፤ የነቢዩን የዕንባቆምንም ስም ተቀበሉ። ይህ ነቢይ በምድር ላይ ግፍ ሲበዛ አይቶ ወደ አምላኩ የጮኸ፣ መልሱንም በመጠበቂያው ላይ ቆሞ የጠበቀ መሆኑ ይታወቃል። የስሙ ወራሽም በኋላ ዘመን ተመሳሳይ ነገር እንደሚገጥማቸው በዚያን ጊዜ ማንም አላወቀም።

ከምንኩስናቸው በኋላ አባ ዕንባቆም ዕውቀታቸውን ለቤተ ክርስቲያን አዋሉት። የዐረብኛ ቋንቋ የአፍ መፍቻቸው በመሆኑ፣ በዚያ ቋንቋ የተጻፉትን የአበው መጻሕፍት ለመተርጐም ከእርሳቸው የተሻለ ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የዕብራውያን መልእክት ትርጓሜ ወደ ግእዝ የተመለሰው በእርሳቸው ድካም ነው። ውሎ አድሮም የደብረ ሊባኖስ ገዳም አሥራ አንደኛ አበምኔት ሆኑ። በባዕድ አገር የተወለደ፣ በሌላ ሃይማኖት ያደገ ሰው በአቡነ ተክለ ሃይማኖት መንበር ላይ መቀመጡ የዘመኑ አባቶች ሰውን በትውልዱ ሳይሆን በፍሬው ይመዝኑ እንደነበር ያሳያል። ይሁን እንጂ ሹመቱ ያለ ፈተና አልቀረም፤ ከዐፄ ልብነ ድንግል ጋር በተፈጠረ አለመግባባት ግዞት ደርሶባቸዋል።

ከዚያ የባሰው መከራ ግን የመጣው በጦርነቱ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1529 በሽምብራ ኩሬ ከተደረገው ውጊያ በኋላ፣ በተለምዶ ግራኝ አህመድ በመባል የሚታወቁት የአዳሉ ኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት ወደ ደጋው ዘለቀ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በ1530ዎቹ መጀመሪያም ደብረ ሊባኖስ ራሱ የእሳት እራት ሆነ። በየገዳማቱ በትውልድ ሁሉ ድካም የተጻፉ ብራናዎች በአንድ ቀን ዐመድ ሆኑ። አባ ዕንባቆምም እንደሌሎቹ መነኮሳት ተሰደዱ። እርሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ሰይፍ አልዘረጉም፤ ብዕራቸውን አነሡ። ዐፄ ልብነ ድንግል በስደት እያሉ ባረፉበት ዓመት፣ በ1540፣ አንቀጸ አሚን ማለትም የእምነት በር የተሰኘውን ድርሰታቸውን ለኢማሙ ጻፉ።

የዚህ ድርሰት ልዩ ባሕርይ አነጋገሩ ነው። አባ ዕንባቆም ስለ ክርስትና ሲከራከሩ ማስረጃ የሚያቀርቡት ተቀባዩ ከሚያከብረው መጽሐፍ፣ ከቁርኣን ነው። መጽሐፉን በወሬ አያውቁትም፤ በልጅነታቸው የተማሩትና በቋንቋው ያነበቡት ነው። ስለዚህ ባላጋራቸውን እንደ መሃይም አልናቁትም፤ የሚገባውን ቃል መርጠው አነጋገሩት።

ይህ ነገር ዛሬም ለብዙዎቻችን የቅርብ ጉዳይ ነው። ከወልድያ ወደ ሚሌ በሚወርደው መንገድ ላይ ባለችው በጭፍራ፣ እንዲሁም በሰመራና በአዋሽ የሚኖሩ ክርስቲያን ቤተ ሰቦች ከአፋር ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ጋር በአንድ ገበያ ይገበያያሉ፤ በሐዘንና በደስታም ይጠያየቃሉ። የአዳል መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ተዳክሞ በ1577 መቀመጫውን ከሐረር ወደ አውሳ ያዛወረው ወደዚሁ ወደ አዋሽ ሸለቆ ነው። የዚያን ዘመን ባላጋሮች ልጆች ዛሬ የአንድ ወንዝ ውኃ ይጠጣሉ። ጎረቤቱን በመጽሐፉ ለማወቅ የደከመውን አባት ማሰብ በእንዲህ ያለ ስፍራ ለሚኖር ሰው ትርጉሙ እጥፍ ነው።

ኢማሙ በ1543 በወይና ደጋ ከወደቁ በኋላ ዐፄ ገላውዴዎስ የፈረሰውን መጠገን ጀመሩ። አባ ዕንባቆምም የንጉሡ አማካሪ ሆኑ። ቤተ ክርስቲያን በሚታነጽበት፣ የጠፋው መጽሐፍ በሚገለበጥበት በዚያ ወቅት፣ በ1553፣ እኒህ አባት ለንጉሡ አንድ መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተረጐሙ። ስሙም በረላም ወይዋስፍ ይባላል።

ታሪኩ የሕንድ ንጉሥ ልጅ የይዋስፍ ታሪክ ነው። ክርስቲያኖችን የሚያሳድደው አባቱ፣ ልጁ ክርስቲያን እንደሚሆን ከኮከብ ቆጣሪዎች በመስማቱ ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ ባማረ ቤተ መንግሥት ይዘጋበታል። ልዑሉ ግን አንድ ቀን ወጥቶ በሽተኛና ሽማግሌ ያያል፤ ሞት የሁሉም ዕጣ መሆኑንም ይረዳል። ልቡ በተጨነቀ ጊዜ በረላም የተባለ ባሕታዊ የከበረ ዕንቍ የሚሸጥ ነጋዴ መስሎ ይገባና ወንጌልን ያስተምረዋል። ልዑሉ ተጠምቆ አባቱን ወደ እምነት ይመልሳል፤ በመጨረሻም ዘውዱን ትቶ ወደ በረሓ ይወጣል። በነጋዴ ልብስ የገባውን መምህር ታሪክ ነጋዴ ሆነው በመጡ አባት እጅ ማግኘታችን የሚያስደንቅ ግጥምጥም ነው።

በረላም ለልዑሉ ከነገራቸው ምሳሌዎች አንዱ በተለይ ይታወቃል። አንድ ሰው አንድ ቀንድ ካለው አስፈሪ አውሬ ሲሸሽ ከጥልቅ ጉድጓድ ይገባል፤ ሲወድቅም የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ይንጠለጠላል። ነጭና ጥቁር አይጦች የዛፉን ሥር ሳያቋርጡ ይቆረጥማሉ። ከታች ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል፤ እግሩን ካሳረፈበት ስፍራም አራት እባቦች ራሳቸውን ያወጣሉ። ሰውዬው ቀና ሲል ከቅርንጫፉ ጥቂት ማር ሲንጠባጠብ ያያል፤ ያንን እየላሰ አውሬውንም፣ አይጦቹንም፣ ዘንዶውንም ይረሳል። አውሬው ሞት፣ ጉድጓዱ ዓለም፣ ዛፉ ዕድሜ፣ አይጦቹ ቀንና ሌሊት ናቸው። እባቦቹ ሥጋችን የተሠራባቸው አራቱ ባሕርያት፣ ዘንዶው ሲኦል፣ ማሩም የዚህ ዓለም ጣዕም ነው።

ይህ ምሳሌ ከክርስትና ቀድሞ በሕንድ ይነገር እንደነበር ሊቃውንት ያረጋግጣሉ። ሂንዱዎች በሚያከብሩት ማሃባራታ በተባለው ታላቅ ድርሳን ውስጥ፣ መቶ ልጆቹ በጦርነት ያለቁበትን ዕውር ንጉሥ ድሪታራሽትራን ለማጽናናት ጠቢቡ ቪዱራ ይህንኑ ታሪክ ይነግረዋል። በዚያ አነጋገር አውሬው ስድስት ፊትና ዐሥራ ሁለት እግር ያለው ዝሆን ሲሆን፣ ምሳሌነቱም ለዓመቱ፣ ለስድስቱ ወቅቶችና ለዐሥራ ሁለቱ ወራት ነው። የልዑሉ ታሪክ ደግሞ ቤተ መንግሥቱን ትቶ ከወጣው ከጎታማ ቡድሃ ታሪክ የተገኘ ነው። ታሪኩ ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረብኛ፣ ከዚያም በጆርጂያ መነኮሳት እጅ ክርስቲያናዊ መልክ ይዞ በ11ኛው ምዕት ዓመት ወደ ጽርእ ተሻገረ። ክርስቲያን ዐረቦች ከጽርእ መለሱት፤ አባ ዕንባቆምም ከእነርሱ ተቀበሉት። ይዋስፍ የሚለው ስም እንኳ ቦዲሳትቫ ከሚለው የሕንድ መጠሪያ የመጣ ነው። በዐረብኛ ጽሕፈት በ እና የ የሚለዩት በነጥብ ብቻ በመሆኑ፣ በአንዲት ነጥብ ምክንያት ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ሆኖ ቀረ።

ታዲያ አባቶቻችን ከሌላ ሃይማኖት የመነጨ ታሪክ በማንበባቸው ተሳስተዋል ማለት ነውን? እኛ እንዲህ አንልም። ሞት እርግጥ መሆኑን፣ ጊዜም ሳይታወቅ እንደሚያልቅ ማየት ለሰው ልጅ ሁሉ የተሰጠ ማስተዋል ነው። የአባቶች ጥበብ ይህን ማስተዋል ተቀብለው ፍጻሜውን በወንጌል ማሰራቸው ነው። በሂንዱዎች ትምህርት ነፍስ ነጻነትን እስክታገኝ ደጋግማ ትወለዳለች፤ እኛ የምንጠብቀው አንድ ትንሣኤ ነው። ባጋቫድ ጊታ የሚባለውና የማሃባራታ ክፍል የሆነው ድርሳን፣ ጽድቅ ሲጠፋ አምላክ በየዘመኑ እየደጋገመ በሥጋ እንደሚገለጥ ያስተምራል። እኛ ግን በዚህ በዓል የምንዘምረው አንድ ጊዜ በቤተ ልሔም፣ ከአንዲት ድንግል፣ ለሁሉ የሆነውን ልደት ነው። ልዩነቱ ጥቂት አይደለም፤ ስለዚህም ሊሸፋፈን አይገባውም። ልዩነቱን በትክክል መናገር የሚችለው ግን እንደ አባ ዕንባቆም የራሱንም የሌላውንም ያነበበ ሰው ነው።

በአንድ ነገር ግን ከሕንዳውያን ቤቶች ልንማር እንችላለን። ዐሥራ ስምንት ምዕራፍና ሰባት መቶ ያህል አንቀጽ ያለውን ጊታን በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት እያሉ የሚያነቡ ቤተ ሰቦች ብዙ ናቸው። ለእኛም የተሠራ ሥርዓት አለን። መቶ ኀምሳው የዳዊት መዝሙር አለ፤ ውዳሴ ማርያምም ከሰኞ እስከ እሑድ ለሰባቱ ዕለታት ተከፋፍላ ተሰጥታናለች። እናቶቻችንና አባቶቻችን በኩራዝ ብርሃን ሲደግሙት የኖሩት ይህንን ነው። ዛሬ በብዙ ቤት መጽሐፉ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከቁም ሣጥን ይቀመጣል፤ ማክበር እንጂ ማንበብ ቀርቷል። የተቃጠለውን ብራና ለመተካት የደከሙ አባቶች ይህን ቢያዩ የሚያዝኑ ይመስለናል፤ በእነርሱ ዘመን መጽሐፍን ያጠፋው እሳት ነበር፣ በእኛ ዘመን የሚያጠፋው ዝምታ ነው።

ዐፄ ገላውዴዎስ መጽሐፉ በተተረጐመላቸው በስድስተኛው ዓመት፣ በ1559፣ ከኑር ኢብን ሙጃሂድ ሠራዊት ጋር ሲዋጉ ወደቁ። አባ ዕንባቆም ግን ከእርሳቸው በኋላ የነገሡትን ዐፄ ሚናስንም ዘመን አይተው፣ በ1560ዎቹ በሽምግልና ዐረፉ። ገድላቸው ተጽፎ ኖሯል። በረላም ወይዋስፍ በ1923 በእንግሊዛዊው ሊቅ በዋሊስ በጅ፣ አንቀጸ አሚንም በ1969 በሆላንዳዊው ሊቅ በቫን ዶንዜል በውጭ አገር ታትመዋል። ሥራዎቻቸውን የውጭ ሰዎች በየቤተ መጻሕፍታቸው ሲያጠኗቸው፣ በገዛ ልጆቻቸው ዘንድ ስማቸው እንኳ ብዙም አይጠራም።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ በዓሉ አልፎ ዶሮው ተበልቶ፣ እንግዳው ተሸኝቶ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ከምሽቱ ጥቂት ደቂቃ ለንባብ እንስጥ። አባት ያንብብ፣ ልጅ ይስማ፤ ልጅ ያንብብ፣ እናት ታርመው። አይጦቹ ቀንና ሌሊት ሥሩን እየቆረጠሙ ነው፤ ማሩም ጥቂት ነው። ከባሕር ማዶ መጥተው የእኛ የሆኑት አባት የደከሙልን እኛ እንድናነብ ነው።

መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ።