ቴዎድሮስ፡ ካሳ ራሳቸው የመረጡት ስም

ከጎንደር ተነስቶ ደባርቅንና ሊማሊሞን አልፎ ወደ ዓዲ አርቃይ የሚወርድ መንገደኛ የሰሜንን ተራሮች በስተቀኙ እያየ ይጓዛል። የቋራው ካሳ ኃይሉ ስማቸውን የለወጡት በዚሁ በሰሜን ምድር፣ ጃናሞራ ውስጥ በምትገኘው ደረስጌ ማርያም ነው።

ካሳ የተወለዱት በ1811 ዓ.ም. ገደማ ነው። በልጅነት የወጣላቸው ስም ምትክ፣ የጎደለን የሚተካ ማለት ነው። በሽፍትነት ዘመናቸው ደግሞ በፈረሳቸው ስም አባ ታጠቅ ተባሉ። አንዱ ስም የቤተሰብ፣ ሌላው የጦር ሜዳ ነበር። ሦስተኛውን ግን ራሳቸው መረጡት።

በ1845 ዓ.ም. ራስ ዓሊን አይሻል ላይ ድል አደረጉ። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑንና የትግራዩን ገዢ ደጃዝማች ውቤን ደረስጌ ላይ ማረኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ነገሡ። የሰው ቤተ ክርስቲያን ቢወስዱም ስሙን የወሰዱት ከትንቢት ነበር።

ቴዎድሮስ ከግሪክ የመጣ ስም ሲሆን ትርጉሙ የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው። በዚህ ስም የነገሠ ካለ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው የግዕዝ መጽሐፍ ግን ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ከምሥራቅ ተነስቶ ሰላም እንደሚያመጣ ይናገራል። ቋራ በምዕራብ ጠረፍ ናት። በዘመነ መሳፍንት ጦርነት የተማረረው ሕዝብ ግን አቅጣጫውን አልመረመረም፤ ስሙ ተስፋ ሰጠው።

ስሙ ኃይል እንደሆነ ሁሉ ዕዳም ነበር። በትንቢት ስም የነገሠ ሰው የሚለካው በትንቢቱ ነው። አፄ ቴዎድሮስ አገር አንድ ለማድረግ፣ ሠራዊቱን በደመወዝ ለማሳደር፣ መድፍ ለማሠራት ደከሙ። ዓመፅ ግን አላባራም። ቅጣታቸው እየከፋ ሄዶ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አዘርፈው አቃጠሉ። ሰላም ያመጣል የተባለው ስም በከተማዋ በእሳት ታወሰ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። የነገሡት 13 ዓመት ብቻ ነው። ትንቢቱ አልተፈጸመም። ዛሬ ግን ወላጆች ለልጃቸው ቴዎድሮስ የሚል ስም ሲያወጡ ብዙዎቹ የሚያስቡት የመጽሐፉን ንጉሥ ሳይሆን የቋራውን ካሳ ነው።