ገባሮችን ነፃ ያወጡት ንጉሠ ነገሥት በቦምብ መሞታቸውና ሞታቸው ያስከተለው መዘዝ

አንድ ነፍሰ ገዳይ በአደባባይ ቦምብ በጣለ ማግሥት፥ በየትኛውም አገር ሁለት ዓይነት ድምፅ ይሰማል። አንደኛው፥ ሕጉ ይጥበቅ፤ የተጠረጠረ ሁሉ ይያዝ፤ ለርኅራኄ ጊዜ የለም ይላል። ሁለተኛው፥ ጥፋተኛው ብቻ ይቀጣ፤ የቀረው ሕዝብ መብቱ አይነካ፤ ቅሬታ ካለውም ይደመጥ ይላል። ይህ ክርክር የዘመናችን ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፥ የሩሲያውን ንጉሠ ነገሥት የዳግማዊ አሌክሳንደርን የሕይወት ታሪክ ቢመለከት ይጠቀማል። አባቶቻችን መስኮብ እያሉ ይጠሯት በነበረችው በዚያች ሰፊ አገር፥ በአንድ ንጉሥ ዘመን ሁለቱም ምክሮች ተራ በተራ ተሞክረዋልና። ከዚህ በታች የሚነበቡት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ዳግማዊ አሌክሳንደር በ1818 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በኋላ ቀዳማዊ ኒኮላስ ተብለው የነገሡት፥ ወታደራዊ ሥነ ሥርዓትን ከሁሉ አብልጠው የሚወዱ፥ ብርቱና ጨካኝ ሰው ነበሩ። ልጃቸውን ያስተማረው ግን የፑሽኪን ወዳጅ የነበረው ባለቅኔ ዡኮቭስኪ ነው። መምህሩ አልጋ ወራሹን ከሰይፍ ይልቅ ሕግን፥ ከፍርሃት ይልቅ ፍቅርን እንዲመርጡ ለማስተማር ብዙ ደከመ። በ1837 ዓ.ም. ወጣቱ ልዑል አገራቸውን ተዘዋውረው ሲጐበኙ እስከ ሳይቤሪያ ዘለቁ። ከእርሳቸው በፊት ሳይቤሪያን የረገጠ አልጋ ወራሽ አልነበረም።

የነገሡት በ1855 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ሩሲያ በክሪሚያ ጦርነት ከእንግሊዝ፥ ከፈረንሳይና ከቱርክ ጋር ተፋጥጣ እየተሸነፈች ነበር። አዲሱ ንጉሠ ነገሥት በ1856 ዓ.ም. በፓሪስ የሰላም ውል ካስፈረሙ በኋላ የአገሪቱን ድካም ሥር መመርመር ጀመሩ። ከሕዝቡ ብዙው ክፍል እንደ ዕቃ ከመሬቱ ጋር የሚሸጥና የሚለወጥ ገባር ነበር። በዚያው ዓመት የሞስኮን መኳንንት ሰብስበው፥ ገባርነት ከታች በዐመፅ እስኪፈርስ ከመጠበቅ ከላይ በሕግ ቢሻር እንደሚሻል ነገሯቸው። በ1861 ዓ.ም. ከሃያ ሚሊዮን የሚበልጥ ገባር በአዋጅ ነፃ ወጣ። ስለዚህም ነፃ አውጭው ተባሉ።

ሥራቸው በዚህ አልቆመም። በ1864 ዓ.ም. ዜምስትቮ የሚባሉ የአውራጃ ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ መንገድን፥ ትምህርት ቤትንና ሐኪም ቤትን እንዲያስተዳድሩ ተፈቀደላቸው። በዚያው ዓመት የፍርድ ቤት ሥርዓት ታደሰ። ችሎት በግልጽ ዋለ፤ ጠበቃ መቆም ጀመረ፤ ከሕዝብ መካከል የተመረጡ ዐሥራ ሁለት ፈራጆች በከባድ ወንጀል ላይ ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉበት ሥርዓት ገባ። በ1874 ዓ.ም. ደግሞ የውትድርና ግዴታ ከድኃው ጫንቃ ላይ ብቻ ወርዶ በሁሉም መደብ ላይ ሆነ።

ነገር ግን የተጀመረው መልካም ሥራ ሁሉ በግማሽ የቆመ ይመስል ነበር። ነፃ የወጣው ገበሬ የተሰጠው መሬት አነስተኛ ሆኖ፥ ዋጋውን በ49 ዓመት እንዲከፍል ዕዳ ተጻፈበት። በ1863 ዓ.ም. የተነሣው የፖላንድ ዐመፅ በብርቱ ጭካኔ ታፈነ። የተማረው ወጣት የአውራጃ ምክር ቤት ካለ የአገር ምክር ቤት ለምን አይኖርም እያለ መጠየቅ ጀመረ። በር ተከፍቶ ወዲያው ሲዘጋ፥ ከቶ ካልተከፈተው ይልቅ ያናድዳል።

የመጀመሪያው ጥይት

በአፕሪል 1866 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ የተባረረ ዲሚትሪ ካራኮዞቭ የሚባል ወጣት፥ ንጉሠ ነገሥቱ በፒተርስቡርግ ከሚገኝ የአትክልት ቦታ ሲወጡ ተኰሰባቸውና ሳታቸው። አጠገቡ የነበረ አንድ ቆብ ሰፊ ክንዱን ገፍቶበታል ተባለ። ሕዝቡ በደስታ ፈነደቀ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ምስጋና ደረሰ፤ ቆብ ሰፊው የመኳንንት ማዕርግ ተሰጠው። በዚያች ቀን ሕዝቡና ዙፋኑ አንድ ልብ ነበሩ።

መንግሥቱ ግን ይህን ፍቅር ሊጠቀምበት አልቻለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፥ በአንድ ወጣት ጥይት የደነገጡት ባለሥልጣኖች ተማሪውን ሁሉ ጠረጠሩ። የትምህርት ሚኒስትሩ ተሻሩ፤ በሳቸውም ቦታ በወግ አጥባቂነታቸው የታወቁት ካውንት ዲሚትሪ ቶልስቶይ ተሾሙ። ሁለት የታወቁ መጽሔቶች ተዘጉ። ሦስተኛው ክፍል ይባል የነበረው የምሥጢር ፖሊስም ኃይሉ በረታ።

በ1874 ዓ.ም. ብዙ ወጣቶች የገበሬ ልብስ ለብሰው፥ ሕዝቡን እናስተምራለን፥ እናነቃለን ብለው ወደ ገጠር ወረዱ። ቦምብ አልያዙም ነበር። ሆኖም በብዙ መቶ የሚቈጠሩት ተይዘው ያለ ፍርድ ለዓመታት ታሰሩ። ከነዚህ መካከል ፍርድ ቤት ነፃ ያላቸውን ሳይቀር ፖሊስ ወደ ግዞት ሰደዳቸው። ያን ጊዜ ከወጣቶቹ ብዙዎቹ፥ ሕግ ካላዳነን ሕግን ማክበር ምን ይረባናል ወደ ማለት ደረሱ።

የዛሱሊች ፍርድ

በ1877 ዓ.ም. የፒተርስቡርግ ከተማ ገዥ ጄኔራል ትሬፖቭ እስር ቤት ሲጐበኙ፥ አንድ የፖለቲካ እስረኛ ቆቡን አላወለቀም ብለው አስገረፉት። ነገሩ በከተማው ተሰማ፤ ብዙ ሰው ተቈጣ፤ ገዥውን የጠየቃቸው ግን አልነበረም። በሚከተለው ዓመት ቬራ ዛሱሊች የምትባል የ28 ዓመት ሴት ባለጉዳይ መስላ ወደ ቢሮዋቸው ገባችና በሽጉጥ አቈሰለቻቸው።

መንግሥት ያለ ጥርጥር ይፈረድባታል ብሎ ጉዳዩን ለተራው ፍርድ ቤት ተወው። ዳኛው አናቶሊ ኮኒ ችሎቱን በትክክል መሩ፤ ፈራጆቹ ግን ጥፋተኛ አይደለችም አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። መተኰሷ በግልጽ የታወቀ ሴት ነፃ የወጣችው፥ ሕዝቡ በእርሷ ምትክ የከተማውን ገዥ ስለ ፈረደባቸው ነው።

ከዚህ ፍርድ ሁለት ወገኖች ሁለት የተሳሳተ ትምህርት ወሰዱ። መንግሥት፥ ሕዝቡ ለምን ተቈጣ ብሎ በመጠየቅ ፈንታ፥ በባለሥልጣን ላይ የሚደረገውን ጥቃት ከሕዝብ ፈራጆች እጅ አወጣ፤ ዳኛውንም ጠላቸው። ሤረኞቹ ደግሞ ጭብጨባውን የመግደል ፈቃድ አድርገው ተረጐሙት። በዚያው በ1878 ዓ.ም. ክረምት የሦስተኛው ክፍል አለቃ ጄኔራል ሜዜንትሶቭ በመንገድ ላይ በጩቤ ተገደሉ። ጉዳዩ ሁሉ ወደ ጦር ፍርድ ቤት ተዛወረ። መንግሥትም ሕዝቡ እንዲረዳው በይፋ ለመነ። የአንዳንድ አውራጃ ምክር ቤቶች የሰጡት መልስ የሚያስገርም ነው። የትቬር ምክር ቤት፥ ንጉሠ ነገሥቱ በቱርክ ጦርነት ነፃ ላወጡት ለቡልጋሪያ ሕዝብ የሰጡትን ለገዛ ሕዝባቸውም እንዲሰጡ ጠየቀ። ይኸውም ሕገ መንግሥት ማለቱ ነበር። መልስ አላገኘም።

በአፕሪል 1879 ዓ.ም. ሶሎቭዮቭ የሚባል ሰው በቤተ መንግሥቱ አጠገብ አምስት ጊዜ ተኰሰ፤ የ60 ዓመቱ ንጉሠ ነገሥት ወዲያና ወዲህ እየታጠፉ ሮጠው አመለጡ። ወዲያው ልዩ ሥልጣን ያላቸው ጠቅላይ ገዥዎች ተሾሙ። በዋና ከተማው እያንዳንዱ ቤት ቀንና ሌሊት በደጁ ዘበኛ እንዲያቆም ታዘዘ። ያ ሁሉ ዘበኛ በደጅ ቆሞ ሳለ፥ በዚያው ዓመት የሕዝብ ፈቃድ የሚባለው የምሥጢር ማኅበር ተቋቁሞ ንጉሠ ነገሥቱን ለመግደል ወሰነ።

በቤተ መንግሥት ውስጥ የፈነዳው ዲናሚት

ማኅበሩ በ1879 ዓ.ም. መጨረሻ በሞስኮ አጠገብ የባቡር ሐዲድ ሥር ፈንጂ ቀብሮ፥ የተሳሳተውን ባቡር አፈነዳ። በፌብሩዋሪ 1880 ዓ.ም. ግን ነገሩ ወደ ቤተ መንግሥቱ ገባ። ካልቱሪን የሚባል አናጢ በቤተ መንግሥቱ ተቀጥሮ፥ በምድር ቤት እያደረ፥ ዲናሚቱን ጥቂት በጥቂት እያስገባ በሣጥኑ አከማቸ። ያፈነዳው በራት ሰዓት ነው። እንግዳ ዘግይቶ ስለ ነበር ንጉሠ ነገሥቱ ገና ወደ ማእድ አልቀረቡም። ከምግብ ቤቱ በታች በነበረው ክፍል ዐሥራ አንድ የዘብ ወታደሮች ሞቱ፤ ወደ ሃምሳ የሚሆኑ ቈሰሉ። ለገበሬው ነፃነት እንታገላለን ባዮቹ የገደሉት የገበሬ ልጆችን ነው።

ከተማው ተሸበረ። አንዳንዱ ሰው ፒተርስቡርግን ጥሎ ወጣ። የሞስኮው ጋዜጠኛ ካትኮቭ ሥልጣን ሁሉ በአንድ ብርቱ እጅ ይሁን እያለ ጻፈ። ንጉሠ ነገሥቱም ይህን ሥልጣን ለአንድ ሰው ሰጡ። ሰውየው ግን እንደ ተጠበቀው ዓይነት አልነበረም። ጄኔራል ሎሪስ ሜሊኮቭ በትብሊሲ የተወለዱ አርመናዊ፥ በቱርክ ጦርነት የካርስን ምሽግ የያዙ ጀግና ነበሩ። የሥራቸው መመሪያ በአጭሩ ይህ ነው፤ በገዳዩ ላይ መበርታት፥ በሕዝቡ ላይ ግን አለመበርታት። እርሳቸውን ለመግደል የተኰሰውን ወጣት በገዛ እጃቸው ያዙት፤ በሁለተኛውም ቀን ተሰቀለ። ነገር ግን ጋዜጠኞችን ጠርተው አነጋገሩ፤ ሳንሱሩን አላሉ፤ ያለ በቂ ምክንያት የተጋዙትን ብዙዎችን መለሱ። ቶልስቶይን ከትምህርት ሚኒስቴር አስነሡ። የተጠላውን ሦስተኛውን ክፍል ዘግተው ፖሊስን በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር አደረጉ።

በ1881 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ከአውራጃ ምክር ቤቶችና ከታላላቅ ከተሞች የተመረጡ ሰዎች በሕግ ረቂቅ ላይ እንዲመክሩ የሚፈቅድ ዕቅድ አቀረቡ። ዕቅዱ ሕገ መንግሥት አልነበረም፤ የተመራጮቹ ሥልጣን ምክር ከመስጠት አያልፍም። ቢሆንም ለሩሲያ ሕዝብ የመጀመሪያው እርምጃ ሊሆን ይችል ነበር።

ማርች 13 ቀን 1881 ዓ.ም.

በዚያ እሑድ ጧት ንጉሠ ነገሥቱ ዕቅዱን ተቀብለው በሚኒስትሮች ጉባኤ እንዲታይ አዘዙ። ከዚያም ሎሪስ ሜሊኮቭ እንዳይወጡ ቢለምኗቸው እንቢ ብለው ወደ ወታደር ሰልፍ ሄዱ። ሤረኞቹ በአንድ መንገድ ላይ አይብ መሸጫ ሱቅ ከፍተው ከሥሩ ጕድጓድ ቈፍረው ፈንጂ ቀብረው ነበር። የመንግሥት መርማሪ ባለፈው ቀን ሱቁን ጐብኝቶ ምንም ሳያገኝ ወጥቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ መንገድ ቀየሩ፤ የሤራው መሪ ሶፍያ ፔሮቭስካያ፥ የቀድሞ የፒተርስቡርግ ገዥ ልጅ፥ በመሐረብ ምልክት ሰጠች።

የመጀመሪያው ቦምብ የሠረገላውን ጀርባ ሰበረ፤ አንድ ኮሳክ ወታደርና በመንገድ ሲያልፍ የነበረ አንድ ልጅ ለሞት ቈሰሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ደኅና ነበሩ። ነጂው ወደ ቤተ መንግሥት ለመንዳት ቢለምናቸውም የቈሰሉትን ለማየት ወረዱ። ያን ጊዜ ሁለተኛው ወጣት ቦምቡን ከእግራቸው ሥር ጣለው። ቦምቡን የጣለውም ንጉሡም በዚያው ቀን ሞቱ።

ከሞታቸው በኋላ

ሤረኞቹ ሕዝቡ ይነሣል ብለው ነበር፤ ሕዝቡ ግን አልተነሣም። ይልቁንም በሚከተሉት ወራት በደቡብ ሩሲያ ንጉሡን የገደሉ አይሁድ ናቸው የሚል ወሬ ተነዛና፥ በነገሩ እጃቸው የሌለበት ሰዎች ቤታቸው ተዘረፈ፥ ተደበደቡ፥ ተገደሉም። የተሸበረ ሕዝብ ጠላቱን ለይቶ ለማወቅ ትዕግሥት የለውም።

ሊዮ ቶልስቶይ ለአዲሱ ንጉሠ ነገሥት ለሣልሳዊ አሌክሳንደር ገዳዮቹን ይማሩ ዘንድ ጻፈ፤ ፈላስፋው ቭላዲሚር ሶሎቭዮቭም በአደባባይ ያንኑ ጠየቀ። አልተሰሙም፤ በአፕሪል አምስት ሰዎች ተሰቀሉ። በሚኒስትሮች ጉባኤ ደግሞ ታላቅ ክርክር ሆነ። ሎሪስ ሜሊኮቭና የጦር ሚኒስትሩ ሚልዩቲን፥ ሟቹ ንጉሥ የተቀበሉት ዕቅድ ይፈጸም አሉ። የአዲሱ ንጉሥ መምህር የነበሩት ፖቤዶኖስትሴቭ ግን ምክር ቤትና ግልጽ ፍርድ ቤት የወሬ ቤት እንጂ ሌላ አይደሉም፤ አገሪቱን ያጠፋሉ ብለው ተቃወሙ። እርሳቸውም አሸነፉ። ሁለቱ ሚኒስትሮች ሥራቸውን ለቀቁ። ሎሪስ ሜሊኮቭ በ1888 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በኒስ ከተማ ሞቱ።

በኦገስት 1881 ዓ.ም. የወጣው የጸጥታ ደንብ ባለሥልጣኖች ያለ ፍርድ እንዲያስሩ፥ እንዲያግዙና ጋዜጣ እንዲዘጉ ፈቀደ። ደንቡ ለሦስት ዓመት ብቻ የሚጸና ጊዜያዊ ነው ተብሎ ነበር። እየታደሰ እስከ 1917 ዓ.ም. ማለት ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ቈየ፤ የጠፋውም ከዙፋኑ ጋር ነው። ታዲያ ሽብሩን አጠፋውን? በ1887 ዓ.ም. ሣልሳዊ አሌክሳንደርን ለመግደል በማሤር የ21 ዓመቱ ተማሪ አሌክሳንደር ኡልያኖቭ ተሰቀለ። ታናሽ ወንድሙ ያን ጊዜ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ዓለም በኋላ ሌኒን ብሎ ያወቀው እርሱ ነው።

የሎሪስ ሜሊኮቭ መንገድ ንጉሡን ከሞት አላዳነም፤ ስለዚህ ልዝብነት ገደላቸው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ከ1866 እስከ 1879 ዓ.ም. የተሞከረው ማጥበቅም ሤራውን አበዛው እንጂ አላጠፋውም። ቦምቡ የፈነዳው አዲሱ መንገድ ዓንድ ዓመት ከጥቂት ቀን ብቻ ከተሄደበት በኋላ ነው።

ተማሪ የሆንህ አንባቢ፥ ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ያዝ። በዚያ ድልድይ አጠገብ የፈነዳው ቦምብ የገደለው ንጉሡን ብቻ አይደለም፤ በዚያው ጧት ጠረጴዛቸው ላይ የነበረውንም ወረቀት ገደለው። ገዳዮቹ ለሕዝብ የሚፈልጉትን የመጀመሪያ ፍሬ በገዛ እጃቸው ቀበሩት። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለኸው ወጣት ባለሥልጣንም አንድ ነገር ያዝ። በፍርሃት ቀን የተጻፈ ጊዜያዊ ደንብ ፍርሃቱ ካለፈ በኋላ በራሱ አይሄድም። ስለዚህ ይህን የመሰለ ወረቀት ለፊርማ ሲቀርብልህ፥ መቼ እንደሚጀመር ብቻ ሳይሆን ማን እንደሚሽረው አስቀድመህ ጠይቅ።