ከተጫዋችነት እስከ አህጉር መሪነት፦ ይድነቃቸው ተሰማ (1914–1979 ዓ.ም.)

ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ በጀርመን ሀገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ስመ ጥር ባለቅኔና ድምፃዊ ነበሩ። የልጁ ወጣትነት ከኢጣሊያ ወረራ ጋር ገጠመ። የወረራው አስተዳደር ነጭንና ጥቁርን በመኖሪያም ሆነ በመዝናኛ ስፍራ ይለይ ስለነበር፣ የስፖርት ሜዳም ከዚህ አላመለጠም። ይህ ልምድ በኋላኛው አቋማቸው ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ ልኩን መመዘን ቢያዳግትም መዘንጋቱ አይገባም።

ከነጻነት በኋላ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብና ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰልፈዋል። በ1936 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያ ሻምፒዮና ጊዮርጊስ የተፋለመው ከኢጣሊያውያን፣ ከአርመኖች፣ ከግሪኮችና ከእንግሊዝ ጦር ቡድኖች ጋር ሲሆን፣ ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነበር።

የተጫዋችነትና የአስተዳዳሪነት ዘመናቸው ተነባብሮ የሄደ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ1949 ዓ.ም. በካርቱም ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ለመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ቢዘጋጁም፣ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድ ቡድን ማሰለፍን ባለመቀበሏ ከውድድሩ ወጣች። የኢትዮጵያ ቡድንም ያለ ግማሽ ፍጻሜ ለዋንጫ ቀርቦ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ።

በአሠልጣኝነት የሚጠቀሰው ትልቁ ሥራቸው ከአምስት ዓመት በኋላ መጣ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በእርሳቸው የሚሠለጥነው ቡድን በጭማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 ረታ። ተክሌ ኪዳኔና መንግሥቱ ወርቁ አንድ አንድ፣ ኢታሎ ቫሳሎ ሁለት ግብ አስቆጠሩ። የኢታሎ ወንድም አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ይህን ዋንጫ እስከ ዛሬ ዳግመኛ አላነሣችም፤ ስለዚህም በሕዝብ ዘንድ የይድነቃቸው ስም በአብዛኛው የሚታወሰው በዚህ ድል ነው።

ይሁንና ከባዱ ትግላቸው የነበረው በስብሰባ አዳራሽ ነው። ለ1966 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ በወጣው ደንብ፣ የአፍሪካ አሸናፊ ወደ ፍጻሜው ውድድር ለመድረስ ከእስያና ኦሺያኒያ አሸናፊ ጋር መጋጠም ነበረበት። ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህን በመቃወም ግንባር ቀደም ሆኑ፤ የአፍሪካ ቡድኖችም ከማጣሪያው ራሳቸውን አገለሉ። ርምጃው አንድ ትውልድ ተጫዋቾችን ዕድል ያሳጣ ስለነበር ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በ1970 እ.ኤ.አ. ግን አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች።

በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዘመናቸው ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች፤ የአህጉሩ ድርሻም በ1982 እ.ኤ.አ. ወደ ሁለት ከፍ አለ። በዚሁ ሥልጣን ላይ እንዳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። አፍሪካ ሦስተኛውን ቦታ ያገኘችው ለ1994 እ.ኤ.አ. ውድድር ነው።