ሌተና ጄኔራል ዐቢይ አበበና የአስመራው እንደራሴነት

ዘንድሮ ልናነሣላችሁ ያሰብነው የሌተና ጄኔራል ዐቢይ አበበን ታሪክ ነው። ስማቸውን በኛ ዕድሜ ያለ የአራዳ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሥራቸውን ግን ወጣቶቻችን አያውቁትም። ሥራቸው ስንል በአስመራ ይዘውት የነበረውን ወንበር ማለታችን ነው፤ ዛሬ ወንበሩም የለም።

ጄኔራሉ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ሰው ናቸው። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ልዕልት ፀሐይን አገቡ። ልዕልቲቱ በስደቱ ዘመን እንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ የተማሩ ነበሩ። ባላቸው ወደ ወለጋ ሲሾሙ አብረው ነቀምቴ ወረዱ፤ አራት ወር ሳይሞላ ነሐሴ 11 ቀን በወሊድ ምክንያት እዚያው ዐረፉ። አስከሬናቸው አዲስ አበባ መጥቶ በዓታ ተቀበረ። በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው።

እንግዲህ ወደ ወንበሩ እንምጣ። ኤርትራ ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ የኢጣልያ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ኋላም እንግሊዞች አስተዳደሯት። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ የራሷ ምክር ቤትና የራሷ መንግሥት ኖሯት ከኢትዮጵያ ጋራ በፌዴሬሽን እንድትተሳሰር ተደረገ፤ ይኸም በመስከረም 1945 ጸና። በሁለቱ መካከል የቆመው ሹም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ይባላል። በወረቀት ላይ ሥልጣኑ ጠባብ ነው። ምክር ቤቱን በንግግር ይከፍታል፣ ሕግ ያውጃል፣ ሕጉ የፌዴሬሽኑን ሥልጣን የነካ ከመሰለው በ20 ቀን ውስጥ ይመልሳል። በቃ፣ ይኸው ነው። እንግሊዞችም ራሳቸውን ከሚያስተዳድሩት ከካናዳና ከአውስትራሊያ ጋራ የሚጻጻፍ ሚኒስትር ነበራቸው፤ የነሱ ሰው ግን ለንደን ተቀምጦ ነው የሚጽፈው። የኛው አስመራ ቤተ መንግሥት ገባ፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው እንደራሴ ራስ ቢትወደድ አንዳርጋቸው መሳይ በመጋቢት 1947 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ፣ በጽሕፈት ቤታቸው በኩል የውስጥና የውጭ ጉዳይ የሚባል ልዩነት እንደሌለ ነገሩት። በዚያው ዓመት የኤርትራ መንግሥት ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ተድላ ባይሩ ሥራቸውን ለቀቁ። በ1951 የኤርትራ ሰንደቅ ዓላማ ወረደ። ዐቢይ ሲሾሙ የደረሱት እንግዲህ ከተጀመረ ነገር ላይ ነው። ይሁን እንጂ በሳቸው ዘመንም ነገሩ አልቆመም። በ1952 የኤርትራ መንግሥት መባሉ ቀርቶ የኤርትራ አስተዳደር ተባለ። ጽሕፈት ቤት የሠራ ሰው ይኸን ያውቀዋል፤ ማኅተም ከተለወጠ ነገሩ አልቋል ማለት ነው።

በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ጄኔራሉ አስመራን ለንጉሡ አጸኑ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከብራዚል ሲመለሱ በአስመራ በኩል ነው የገቡት። በዚያው ዓመት ማለቂያ ግን በበረሃ ጥይት ተተኮሰ። በ1954 ክረምት አቆርዳት ላይ እሳቸውና ቢትወደድ አስፍሐ ወልደ ሚካኤል ባሉበት ሥነ ሥርዓት የእጅ ቦምብ ተወረወረ፤ ሰው ሞተ፣ እሳቸው ተረፉ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ መግለጫ ተነቦ በጭብጨባ አለፈ፤ ፌዴሬሽኑም ፈረሰ። ከዚያ የመጣውን የ30 ዓመት ጦርነት እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ከመካከላችን ልጁን ያልሸኘ ስንቱ ነው? በኛ አስተያየት ጥፋቱን ሁሉ በሳቸው ላይ መጫን አይገባም፤ ንጹሕ ነበሩ ማለትም አይቻልም፤ ሲፈርስ ወንበሩ ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸውና። የሚገርመው በዚያው በ1955 እዚያው አስመራ «አውቀን እንታረም» የሚል መጽሐፍ አሳትመው መንግሥት ቀስ በቀስ እንዲሻሻል መምከራቸው ነው።

ከ1956 ዓ.ም. በኋላ እዚሁ አራት ኪሎ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1966 የመከላከያ ሚኒስትር ተባሉ፤ በክረምቱ ታሰሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ከሌሎች ባለሥልጣኖች ጋራ ተረሸኑ። ያኔ እኛ ልጆች ነበርን፤ እሑድ ጧት ሬዲዮ ሲናገር የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች ዝም አሉ። አስከሬን ለቤተሰብ አልተሰጠም። ለሞተ ሁሉ ድንኳን በሚተከልበት አገር እኒህ ሰዎች 17 ዓመት ያለ ቀባሪ ኖሩ። በ1984 ዓ.ም. ክረምት አጽማቸው ተቆፍሮ ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ በክብር ተቀበረ። ልዕልት ፀሐይ ያረፉበት በዓታ ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ በእግር የሚደረስ ነው።