በገዛ እጃቸው ላይ ሕመምን የመረመሩት ሐኪም፤ ሰር ሄንሪ ሄድ

ሐኪም በሽተኛውን መጀመሪያ የሚጠይቀው የት ላይ እንዳመመው ነው። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ አስቸጋሪ ነው፤ ሕመም በዓይን አይታይም፣ በሚዛንም አይመዘንምና። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው፣ መልሱን ከሌላ ሰው መስማት አልበቃ ብሏቸው ከራሳቸው አካል የፈለጉትን የእንግሊዛዊውን ሐኪም የሰር ሄንሪ ሄድን የሕይወት ታሪክ ነው።

ሄንሪ ሄድ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1861 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ተወለዱ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ ወደ ፕራግ ሄደው ደግሞ ከዕውቁ መምህር ከኤቫልድ ሄሪንግ ዘንድ የሰውን አካል አሠራር አጠኑ። ወደ አገራቸው ተመልሰው የሕክምና ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ፣ የውስጥ ብልት ሲታመም ሕመሙ በተወሰነ የቆዳ ክፍል ላይ እንደሚሰማ በ1893 ገልጸው ጻፉ። ይህም ዛሬ በሕክምና ትምህርት የሄድ ክልል እየተባለ በስማቸው ይጠራል።

በለንደን ሆስፒታል ሲሠሩ ነርቫቸው የተቈረጠባቸውን ብዙ ሰዎች መረመሩ። ነገር ግን ሠራተኛው ወደ ቤቱ ለመሄድ ይቸኩላል፤ የሚሰማውንም ለይቶ መናገር ያቅተዋል። ስለዚህ ሄድ ራሳቸው በሽተኛ ለመሆን ወሰኑ። ሚያዝያ 25 ቀን 1903፣ በ41 ዓመታቸው፣ ጓደኞቻቸው የሆኑ ሐኪሞች የግራ ክንዳቸውን ከፍተው ለቆዳ ስሜት የሚሰጠውን ነርቭ ቈረጡት፤ ወዲያውም ጫፍና ጫፉን በሐር ክር ሰፉት። ነርቩ መልሶ ባይጠገን እጃቸው ደንዝዞ ሊቀር ይችል ነበር።

ከዚያም አራት ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲያርፉ ወደ ካምብሪጅ እየተመላለሱ፣ በድምሩ 167 ቀን በወዳጃቸው በዶክተር ሪቨርስ ክፍል ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። ሪቨርስም እጃቸውን በመርፌ፣ በጥጥ፣ በሙቅና በቀዝቃዛ ነገር እየነካ መልሳቸውን ይመዘግብ ነበር። ቀድሞ የተመለሰው ስሜት ሻካራና ክፉ ነበር፤ በመርፌ ጥቂት ሲነኩ ሥቃዩ ቦታው ሳይታወቅ ይሠራጫል። ስስ የሆነው የመዳሰስ ስሜት የተመለሰው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከዚህ በመነሣት ሁለቱ ሰዎች በ1908 ባሳተሙት ጽሑፍ የቆዳ ስሜት ሁለት ዓይነት ነው አሉ።

ሄድ ከጎርዶን ሆምስ ጋር በ1911 ያወጡት ጥናት ደግሞ ሕመምን ከልብ ስሜት ጋር አገናኘ። ታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ላይ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች፣ በታመመው ጎናቸው ትንሽ ነገር ሲነካቸው ከመጠን በላይ ይሠቃዩ ነበር። ከእነርሱም አንዱ መዝሙር ሲሰማ በዚያው ጎኑ ስለሚያውከው ወደ ጸሎት ቤት መሄድ ተወ።

ይሁን እንጂ የሄድ ሐሳብ ሁሉ አልጸናም። ትሮተርና ዴቪስ የተባሉ ሐኪሞችም የራሳቸውን ነርቮች አስቈርጠው በ1909 ያገኙት ውጤት ከሄድ አሳብ ጋር አልተስማማም፤ የሁለቱ ስሜቶች ክፍፍል ዛሬ በዚያ መልኩ ተቀባይነት የለውም። ጥያቄው ግን አልሞተም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ1979 ሕመም የአካል ብቻ ሳይሆን የመንፈስም ስሜት መሆኑን በትርጉሙ ውስጥ አስገብቷል። የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰው በምርምር ላይ የሚገኙ ወጣቶችም፣ ቍስሉ ከዳነ በኋላ ሳይለቅ የሚቈይ ሕመም ከሐዘንና ከፍርሃት ጋር እንዴት እንደሚተሳሰር፣ የአንጎልን ሥራ በመሣሪያ እያዩ ይመረምራሉ።

ሄድ በ1927 የሰርነት ማዕርግ ተሰጣቸው። ዳሩ ግን ነርቭን ሲመረምሩ የኖሩት ሐኪም ፓርኪንሰን በተባለው የነርቭ በሽታ ተይዘው ብዙ ዓመት ማቀቁ። ሚስታቸው ሩት በ1939 ሲሞቱ፣ እሳቸውም በዓመቱ በ1940 ዐረፉ።

ከዚህ ታሪክ ተማሪም ሆነ ወጣት ሠራተኛ የሚያገኘው ትምህርት አለ። ሄድ ከሌላው ሊጠይቁት ያልወደዱትን በራሳቸው ላይ አደረጉ፤ ያዩትንም ሳይደብቁ ስለ ጻፉ፣ ስሕተታቸውን ሌሎች ሊያርሙት ቻሉ። ታሞ የመጣ ሰው ሥቃዩ ስላልታየ ብቻ የለም ሊባል አይገባውም።